ለጓዶች ብቻ የሚቆመው በር

ነሐሴ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ብርዱ ይመጣል፣ ብርዱ ሲለግም ዝናቡ ይመለሳል። ደምመላሽ በአዲሱ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጭንቅላቱን በበሩ ጣሪያ ውስጥ ቀብሮ፣ ካቻቪቴውን በጥርሱ ነክሶ ይፈልጋል። የሚፈልገውን ቢያውቀው ኖሮ ድካሙ ግማሽ ይሆን ነበር። ሞተሩ ደህና ነው፤ ሽቦው ደህና ነው፤ ኩሽኔታው አዲስ ነው። በሩ ግን ይቆማል።

በሩ ዟሪ በር ነው። ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር በትልልቅ ሳጥን ታሽጎ የመጣ፣ አራት የመስታወት ክንፍ ያለው፣ ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚዞር። ደጃፉ ላይ የተነጠፈውን ጎማ ሲረግጡት ሞተሩ ይነሳል፣ ክንፎቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ሰውየው በሁለት ክንፎች መካከል ገብቶ አብሯቸው ይራመድና ውስጥ ይደርሳል። ብርዱ ውጭ ይቀራል። ለደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ በር ማሰብ ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ያሰበው ሰው ግን አዲስ አበባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፣ የሚንቀጠቀጠው ደምመላሽ ነው። በሩ አንድ ጠባይ አለው፦ ክንፉን የሆነ ነገር ከያዘው፣ ሰው እንዳልጨፈልቅ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቀዩን ቁልፍ እስኪጫንለት ድረስ በራሱ ንቅንቅ አይልም።

ይህን በር መጀመሪያ የተከለው ደምመላሽ አልነበረም፤ ገብረአብ ነበር። ሁለቱ በአንድ የመንግሥት ጥገና ክፍል አብረው ያረጁ፣ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሰኔ ላይ ከክፍለ ሀገሩ ጎብኚዎች መጡ፤ በሩ አንዱን ትልቅ ሰው አጋማሽ ድረስ አስገብቶ ቀጥ አለ። በማግስቱ ገብረአብ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተባለ። ጥያቄው ይህን ያህል ይረዝማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ይኸው ነሐሴ ገባ፣ አልተመለሰም። ወሬው አሻጥር ነው የሚል ነው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል አንዴ ከተነገረ ማን እንደተናገረው የሚጠይቅ አልነበረም።

ሚስቱ ወለተሐና በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኗን በነጠላ ጠቅልላ፣ ጭቃውን እየዘለለች፣ በማረፊያው ፊት ወደ እስር ቤቱ ታልፋለች። መሰላሉ ሥር ስትደርስ ቀና ብላ «በርታ ደሜ» ትለዋለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የባሏን መሰላል ወርሶ፣ የባሏን ካቻቪቴ ይዞ፣ ባሏን ያሳሰረውን በር የሚነካካ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ በርታ ትለዋለች። ባለፈች ቁጥር ደምመላሽ እፍረቱን የሚያደርግበት ያጣል።

የማረፊያውን ሥራ የሚመራው ካድሬ ዘርአ ዳዊት ይባላል፤ ዳዊቱን ግን ከአብዮቱ ወዲህ ጥሎታል፣ ጓድ ዘርአ ነው። ደግ ነበር ቢባል ውሸት ነው፤ ክፉ ነበር ቢባልም ከሚገባው በላይ ማክበር ይሆናል። ፈሪ ሰው ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ሥልጣን ሲጨመርለት ምን እንደሚያደርግ ደብረ ብርሃን ጠንቅቃ ታውቃለች። ያን ዕለት መሰላሉን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ደምመላሽን አስወረደው።

«በገብረአብ ጊዜ ቆመ» አለ። «አንተ ከመጣህ ወዲህም ቆመ። አሁን እኔ የታዘብኩትን ልንገርህ? የጽዳት ሴቶቹ ሲገቡ ይዞራል። አናጢው ሲገባ ይዞራል። አንተ ቀኑን ሙሉ ስትገባና ስትወጣ ይዞራል። ጓዶች ሲመጡ ብቻ ይቆማል። እስቲ ንገረኝ፣ ሽቦ ጓድን ከአናጢ የሚለየው በምኑ ነው?»

«እኔም ያልገባኝ ይኸው ነው፣ ጓድ።»

«ለበዓሉ ይግባህ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚመጡት እንግዳ እንደ ሌሎቹ አይደሉም። ያን ቀን ከቆመ፣ ገብረአብ ብቻውን መሆኑ ይቀርለታል።» ይህን ብሎ የካኪ ኮቱን አንገት ሰብስቦ ሄደ።

ደምመላሽ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ወለሉ አዘንብሎ እንደሆን ብሎ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አላዘነበለም። ክንፉ መሬት ይነካ እንደሆን ብሎ ከሥሩ ያለውን ብሩሽ ከረከመው። ኩሽኔታውን አውጥቶ በነጭ ጋዝ አጥቦ ግራሶ ሞላው። መብራቱ ይዋዥቅ እንደሆን ብሎ ቴስተሩን ደቅኖ ዋለ፤ መብራቱ ይዋዥቃል፣ የደብረ ብርሃን መብራት ያልዋዠቀ ማን ይዋዥቅ፤ በሩ ግን በዚያ አይቆምም። ጭቃ ይሆናል ብሎ ክንፎቹ የሚሄዱበትን ቦይ በጥፍሩ ፋቀ። ከዚያ ራሱ ይገባል፤ ይዞራል። ይወጣል፤ ይዞራል። እንደ ልጅ መጫወቻ ሲያዞረው ይውላል፣ ቤቱ ሲገባ ወለሉ አብሮት ይዞራል። ሚስቱ እናናየሁ ራት አቅርባለት ፊቱን አየችና «ዛሬም በሩን ይዘኸው መጣህ?» አለችው። 

በጎማው ምንጣፍ ጎን በርጩማ ላይ የሚውሉት የማረፊያው ዘበኛ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ናቸው። አንኮበር ተወልደው፣ ጎረምሳ ሳሉ በአንድ ባላባት ቤት በረኛ ነበሩ፤ ይህን አገር ያውቀዋል። ጓድ ዘርአ ሲያልፍ «የፊውዳል ቤት ትራፊ፣ እንዴት ዋልክ?» ይላቸዋል። እሱ እንደ ቀልድ ነው የሚቆጥረው፤ እሳቸው ግን ባለፈ ቁጥር ተነስተው ጎንበስ ይላሉ። ለትልቅ ሰው መነሳት የእሳቸው ሙያ ነው። ለደምመላሽ ግን ተነስተው አያውቁም። ምን በወጣቸው? ባለ ካቻቪቴ ነው። «አንተ ሽቦ፣ ዛሬስ አልገራኸውም?» ይሉታል ከበርጩማቸው ሳይነቃነቁ፣ እሱም «ምን ይገራል ጋሼ» ብሎ ያልፋል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐጂ አብዱልጀሊል መጡ። ሐጂ ከአሊዩ አምባ የጥጥ ጋቢ እያሠሩ የሚያመጡ፣ ጢማቸው ነጭ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ነጋዴ ናቸው። ለእንግዶቹ አልጋ የታዘዘውን ጋቢ በአህያ አስጭነው፣ ያንን ሁሉ ዳገት በጉም ወጥተው፣ ጫማቸውን ደረጃው ላይ ረግፍ ረግፍ አድርገው ቀና አሉ። ደምመላሽ በዚያን ሰዓት ከበሩ ወዲህ፣ ከውስጥ በኩል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ተክሌ!»

ጋሽ ተክሌ ከበርጩማቸው እንደ ጎረምሳ ተስፈንጥረው ተነሱ። «እንዴት ከረሙ ሐጂ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርዱ ጎዳዎት!»

«ወላሂ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! እርስዎ ቆመው እኔ?»

ሐጂ ከአህያው የወረደውን ጋቢ ታቅፈው ጎማውን ረገጡ፣ በሩ ተነሳ፣ እሳቸውም ገቡ። ጋሽ ተክሌ በአንድ እጃቸው የመጣውን ክንፍ ያዝ አድርገው፣ በሌላው ወደ ውስጥ ጋበዝ አደረጓቸው። ከላይ፣ ከጣሪያው ውስጥ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በሩ ቆመ። ሐጂ ጋቢያቸውን እንደታቀፉ በመስታወቱ መካከል ቀሩ።

ደምመላሽ ወደ መሰላሉ ሊሮጥ ሲል እጁ አልለቅ አለው። ቁልቁል ቢያይ፣ የገዛ ቀኝ እጁ ከውስጥ በኩል የበሩን ክንፍ ይዟል። መቼ እንደዘረጋው አላወቀም። ሽማግሌ ሲገባ አየ፣ በር ያዘ፤ እናቱ ያስተማረችው ነው። ቀና ሲል ከመስታወቱ ማዶ የጋሽ ተክሌ እጅ አለ፣ ከመስታወቱ ወዲህ የሱ እጅ አለ፣ በመካከሉ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ ቆም ብዬ ልረፍ» እያሉ ፈገግ ይላሉ።

ያን ጊዜ ገባው። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣበት። በሩ ጓድን ከአናጢ የሚለይበት ነገር የለውም፤ የሚለዩት ጋሽ ተክሌ ናቸው። ለጽዳት ሴቶቹ አይነሱም፤ በሩ ይዞራል። ለአናጢው አይነሱም፤ ይዞራል። ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ፣ ክንፉን ይይዙለታል፤ በሩም ተያዝኩ ብሎ ይቆማል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ እያየ ማንም አላየውም፤ በር ለታላቅ ሲያዝ አይቶ ምን ነካው የሚል ሰው በሸዋ ምድር ከየት ይመጣል? እሱም፣ ገብረአብም፣ ሽቦ ውስጥ ሲፈልጉ ከረሙ።

በሩን በእጃቸው እየገፉ ሐጂን አስገቡ፤ ሐጂም ጋቢውን አስረከቡ። ከዚያ ደምመላሽ ጋሽ ተክሌን ወደ ማገዶ ቤቱ ጎን ወስዶ ነገራቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እንግዲያው ገብረአብን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም።»

«እጄ ነው። እጄ የማን ነው? ሄጄ ልናገር።» ነጠላቸውን አጣፉ፤ የምር ሊሄዱ ነው።

ደምመላሽ ክንዳቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ ቢናገሩ እርስዎ ይገባሉ እንጂ እሱ አይወጣም። እዚያ ቤት በልዋጭ አይሠሩም። ‹የባላባት በረኛ የአብዮቱን በር ያዘ› ብለው ነው የሚጀምሩት፤ መጨረሻውን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን።» ይህን ሲል የወለተሐና ድምፅ በጆሮው ይመላለስ ነበር። ገብረአብን ሊያስፈታ የሚገባው እውነት በእጁ ነው፤ ያ እውነት ግን ሽማግሌውን ይበላል፣ ገብረአብንም ላያወጣ ይችላል። ለሁለት ሰው የማይበቃ እውነት ይዞ ማገዶ ቤት ጎን ቆሞ መቅረት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለጊዜው የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በበዓሉ ቀን በሩ እንዳይያዝ ማድረግ። ለጓድ ዘርአ «በሩን ማንም በእጁ እንዳይነካ ይታዘዝልኝ» አለው። ጓድ ዘርአ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ማዘዝ ስለሚወድ ሠራተኛውን ሰብስቦ አዘዘ። «ይህን በር በእጁ የነካ የአብዮቱ ጠላት ነው!» አለ። ለጋሽ ተክሌ ግን ትእዛዝ አልበቃቸውም።

«እሺ፣ አልይዝም። ታዲያ እጄን ምን ላድርገው?»

«ኪስዎ ይክተቱት።»

«ታላቅ ሰው እጅ ኪስ ከትተው ሲቀበሉ የት አይተህ ነው? ባለጌ ልታደርገኝ ነው?»

«ወደ ኋላ ያድርጉት እንግዲያ።»

«እስረኛ መሰልኩ።»

ልምምድ ይሁን ብሎ ደምመላሽ እንግዳ ሆኖ በደረጃው ወጣ። ጋሽ ተክሌ ከበርጩማቸው አልተነሱም። «አንተማ አንተ ነህ፤ ለአንተ እጄ መች ይነሳል?» አሉት። አልዋሹም። በመጨረሻ ደምመላሽ ሁለቱንም እጃቸውን የሚሞላ ነገር ይያዙ አለ፤ ለእንግዳው የሚሰጠውን የአደይ አበባ እቅፍ እሳቸው እንዲይዙ ተወሰነ። ትልቅ እቅፍ እንዲሆን ለምኖ አስጠቀለለው።

በዓሉ መጣ። ሰማዩ ዳምኖ፣ ባንዲራው ርሶ ምሰሶው ላይ ተጣብቆ፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በብርድ ተሰልፎ ዋለ፤ እንግዳው የደረሱት ሰው መጨብጨብ ከረሳ በኋላ ነው። ከባድ ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ጋሽ ተክሌ እስከ አገጫቸው አበባ ታቅፈው ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው በአበባው አገዳ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠዋል። ደምመላሽ ከውስጥ በኩል እጆቹን በብብቱ ውስጥ ቀብሮ ጎማውን ያያል። ጓድ ዘርአ ከእንግዳው ኋላ አንድ እርምጃ፣ እንደ ጥላ።

እንግዳው ጎማውን ረገጡ። በሩ ተነሳ።  ክንፎቹ ቀስ ብለው መጡ፣ እንግዳው ገቡ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ለሕዝቡ አንዴ እጅ ላንሳ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ከኋላቸው ያለው ክንፍ ወደሳቸው መጣ፤ ቢነካቸው በእርጋታ ነበር፣ ሕፃን እንኳ አይጎዳም። ጓድ ዘርአ ግን ይህን ከየት ያውቃል? የታላቅ ሰው ትከሻ ሊነካ ነው። ዘሎ በሁለት እጁ ክንፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«ይግቡ ጌታዬ!» አለ ጮክ ብሎ። ጓድ ማለት ራሱ ጠፋበት።

ቀጭ አለ። በሩ ቆመ። እንግዳው በመስታወት ውስጥ ቀሩ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው አይሰማም፤ የፊተኛውን መስታወት ይገፋሉ፣ የኋለኛውን ጓድ ዘርአ አንቆ ይዞታል።  ሁሉም የሚያየው የጓድ ዘርአን እጅ ነው፤ አንድም ሰው አያየውም። ጓድ ዘርአ ራሱ ወደ እጁ ተመለከተ፣ ቀጥሎ በመስታወቱ አሳልፎ ደምመላሽን ተመለከተ። እንደዚያ የፈራ ፊት ደምመላሽ አይቶ አያውቅም፤ ሳያስበው አዘነለት።

ጋሽ ተክሌ አበባውን ጭቃው ላይ ጣሉት። ቀረብ ብለው «እጅዎን ያንሱልኝ፣ ጓድ» አሉት በዝግታ። ከዚያ ትከሻቸውን ክንፉ ላይ አሳርፈው ገፉ። ሞተሩ የቆመበት በር ከባድ ነው፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ግን ሄደላቸው፣ በእርጋታ፣ እንግዳው ሳይደናቀፉ። ውስጥ አድርሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

እንግዳው ላባቸውን ጠረጉ። «በሩ በሰው ነው እንዴ የሚሠራው?»

«በሰው ነው፣ ጌታዬ።»

እንግዳው ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ሁሉም ሳቀ። «እንዲህ ይሻላል» ብለው ወደ ምሳው ሄዱ።

ምሳው ሲበላ ጓድ ዘርአ ደምመላሽን ከወጥ ቤቱ ጀርባ አገኘው። እጆቹን ኪሱ ከትቷል።

«ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አይደል?» አለ።

ደምመላሽ እሺ ሊል ነበር። ደክሞታል፤ እሺ ማለት ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የተቃጠለው፣ ጓድ?»

«ከዛሬ።»

«ከዛሬ ከሆነ የዛሬውን ምክንያት ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ሲደክመኝ ውሸት አያምርልኝም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።» ለራሱም ሌላ ሰው የሚናገር መሰለው። «ከመጀመሪያው፣ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ብልሹ ሆኖ ነው የመጣው ከተባለ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ያኔ ማንም አላበላሸውም ማለት ነው። ሰኔ ላይም ማንም አላበላሸውም።»

ጓድ ዘርአ በጫማው ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር አደረገ። «ገብረአብ» አለ በመጨረሻ።

«ገብረአብ» አለ ደምመላሽ።

«ሞተሩን አውርደው» ብሎት ሄደ።

አወረደው። ጤነኛ ሞተር ነው፤ ጣቱን የቆረጠበት፣ እንቅልፉን ያጣበት፣ እንደ ሰዓት የሚሠራ ሞተር። ግራሶውን ጠርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት ሲያስገባው ዘመድ የቀበረ ያህል ከፋው። ጋሽ ተክሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሩ ሞተር ሆኑ። ደምመላሽ ሊያዝንላቸው ሲሞክር «ተው እባክህ፣ ቢያንስ እጄ ሥራ አገኘ» አሉት፤ ማታ ማታ ግን ትከሻቸውን ሲያሹ ያያቸዋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ገብረአብ ተፈታ። ምንም አልተባለም፤ ሂድ ብቻ ተባለ። ማረፊያው የቀረውን የዕቃ ቦርሳውን ሊወስድ መጣ። ደምመላሽ ደረጃው ሥር ሲያየው መጀመሪያ አላወቀውም፤ ኮቱ ሰፍቶታል፣ በአንድ እግሩ ያነክሳል። ተቃቀፉ፤ ገብረአብ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ደምመላሽ ጠበቅ አድርጎ ለመያዝ ፈራ።

ካፊያ ጀመረ። ገብረአብ በደረጃው ወጥቶ፣ በሙያው ልማድ፣ ጎማውን ረገጠና ድምፁን አዳመጠ። ጸጥ ነው። ያኔ ጋሽ ተክሌ ከበርጩማቸው ተነሱ። ለባለ ካቻቪቴ፣ በዚያ ደጃፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ክንፉን ገፋ አድርገው ያዙለት፣ ጎንበስም አሉ፤ ከዚያ ቀና አላሉም።

«ግባ ልጄ» አሉ። 

ገብረአብ እሳቸውንም በሩንም እያፈራረቀ አየ። ምን እንደሆነ ገባው ይሁን አልገባው፣ ደምመላሽ ኋላም አልጠየቀውም። ዞር ብሎ ግን «ቅደም» አለው ደምመላሽን።

«አንተ ቅደም እንጂ!»

«አይሆንም፣ አንተ ቅደም።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት አልቀድምህም!»

ዝናቡ ጠነከረ፣ ሁለቱም ረጠቡ፤ እነሱ ደጃፉ ላይ ይገፋፋሉ። ደምመላሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ፣ ሳቁም ዓይኑን አረጠበው። በጣሪያው ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚያቋርጣቸው ነገር አልነበረም። ጋሽ ተክሌ ክንፉን እንደያዙ፣ እስኪስማሙ ድረስ ጠበቋቸው።